ቀለበቱ ወደ ታች የዞረው ጣውላ

የኤልደን ፕሩት በር ሲንኳኳ ኤልደን ተኝቶ አልነበረም። ከነቃ አንድ ሰዓት አልፎታል። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ የጎረቤቱ የሮይስ ሃድሎው ፒክአፕ ሲነሣ ሰምቷል። መኪናው ጥቂት ሲያጓራ፣ ከዚያ አንድ ከባድ ነገር መሬት ሲመታ፣ ከዚያም ሞተሩ ሲጠፋ ሰምቷል። «የፒክአፑን የኋላ በር ጣለው። ይጣለው!» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር።

በሩ ላይ የቆመው የካምፑ አስተናባሪ ጌይለን ትሪፕ ነው። ጓንቱን አላወለቀም፤ በረሃው በጥር ጠዋት ይበርዳል።

«ተነሥ ወንድሜ» አለው። «ሮይስ ሞቷል።»

«ምን አልክ?»

«የተሳቢው አፍንጫ ወደቀበት። ከመንገድ ላይ ሆኜ ጫማዎቹን አየሁና ስልክ ልደውል ሮጥኩ። ያ የበየድከው የፊት እግር ነው፣ ከሥሩ ተገንጥሏል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በራስህ አትፍረድ። ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ይከዳል።»

ኤልደን እጆቹን አየ። አርባ ዓመት ብረት ከብረት ያጋጠሙ እጆች ናቸው። ከጡረታ ወዲህ ቀኙ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

የኮፐር ዎሽ ካምፕ ሰዎች የሰሜኑን በረዶ የሸሹ ጡረተኞች ናቸው። ተሳቢ ቤቶቻቸውን ጎትተው ይመጡና እስከ መጋቢት እዚያው አሸዋ ላይ ይከርማሉ። የሮይስና የሚስቱ የማርቫ ተሳቢ ከሁሉም ይረዝማል። አፍንጫው ከፍ ብሎ ወደ ፒክአፑ ጀርባ ይዘልቃል። ከአፍንጫው ሥር የተንጠለጠለውን ወፍራም ፒን በፒክአፑ ላይ ያለ የብረት መንጋጋ ይነክሰዋል። ከመንጋጋው ሲላቀቅ ደግሞ ሁለት የፊት እግሮች ይሸከሙታል።

የዚህ ቤት በሽታ ሻንሲው ነበር። በተጎተተ ቁጥር እየተጣጠፈ የፊቱን ግድግዳ ከወለሉ አላቀቀው። ሮይስ በአልጋው ራስጌ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ስንጥቁን የሚያቋርጥ የእርሳስ መስመር ያሰምራል፣ ቀኑንም ይጽፍበታል። መስመሩ ለሁለት ሲለያይ ስንጥቁ ስንት እንደተራመደ ያውቃል። ረቡዕ ዕለት ኤልደን ሻንሲውንም፣ የተሰነጠቀውን የፊት እግር መያዣም በየደለት። ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አብረው ሊፈትሹት ተቀጣጠሩ።

ዓርብ፣ የካምፑ ሰው አብሮ በሚበላው የቺሊ ወጥ ራት ላይ ግን ሮይስ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቀለደ። «የኤልደንን ብየዳ አይታችኋል? ዶሮ ጭቃ ላይ የተራመደችበት ነው የሚመስለው! እሱ ሲንቀጠቀጥ ብረቱም አብሮት ይንቀጠቀጣል።» ሰው ሳቀ። ኤልደንም ሳቀ። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን ከአልጋው አልወረደም።

መርማሪ ኔሊዳ ኦቾዋ ስትደርስ የተሳቢው አፍንጫ መሬት ላይ ተደፍቶ፣ ፒክአፑም ሁለት ሜትር ያህል ከፊቱ ቆሞ ነበር። ሞተሩ ጠፍቷል፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዟል። ኦቾዋ አጭር ሴት ናት። አባቷ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ሐኪሙ ሮይስ ወዲያው መሞቱን ነገራት። ከአጠገባቸው ከተማ የመጣ የመጎተቻ መኪና አፍንጫውን ቀና አድርጎ አስከሬኑ ሲወጣ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። የሟቹ ቀኝ እጅ የእጅ ባትሪ ጨብጦ ነበር።

ያኔ ኦቾዋ መሬት ላይ በጀርባዋ ተኛችና ወደ ውስጥ ገባች። ቆይታ አቧራዋን ሳታራግፍ ኤልደንን ጠራችው።

«አቶ ፕሩት፣ ይህ የእርስዎ ሥራ ነው?»

ኤልደን ተንበርክኮ በጀርባው ተኛ። ብየዳው ያለው ከሻንሲው ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው፤ መሬት ካልተኙ አይታይም። መያዣው ተቀዶ እግሩ ወደ ጎን ተጋድሟል። ከሁለቱ የፊት እግሮች ሥር የሚነጠፉት ሁለቱ ጉማጅ ጣውላዎች በየእግራቸው አጠገብ ወድቀዋል። ከዚህ ሌላ ምንም አላየም፤ ለማየትም አልፈለገም።

«የኔ ነው» አለ። «የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ይህን ሐረግ ገና አልጻፍኩትም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«አልጋዬ ላይ።»

«ወይዘሮ ማርቫ ‹ባሌ ኤልደንን ይጠብቅ ነበር› ብለውኛል።»

ኤልደን ከመሬቱ ተነሣ። «ነቅቼ ነበር። አኩርፌ ነው የቀረሁት። ሞተሩን ሰምቻለሁ፤ ሲወድቅም ሰምቻለሁ። የስድሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ፣ እንደ ሕፃን አኩርፌ።»

ኦቾዋ ደብተሯ ላይ የጀመረችውን መስመር ሳትጨርስ ተወችው። «ሻንሲ ይተጣጠፍ እንደሆነ እንዴት ነው የምትፈትሹት?»

«አንዱ መሪ ይዞ መኪናውን ወደ ፊት ወደ ኋላ ያወዛውዛል። ሌላው ከሥር ሆኖ በባትሪ ያያል።»

«ስለዚህ የሁለት ሰው ሥራ ነው» አለች።

ማርቫ ሃድሎውን እንደገና ልታነጋግራት ስትሄድ፣ በረንዳዋ ላይ ውሻዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ አገኘቻት። አላለቀሰችም። የውሻውን ጆሮ ደጋግማ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

«ይህን ተሳቢ ይወዱት ነበር?» አለች ኦቾዋ።

«ልወደው ነው? ሦስት ዓመት ሙሉ ሽጠው አልኩት። አንድ ግድግዳ፣ አንድ ሰፈር፣ አንድ ፖስታ ሳጥን ይኑረን አልኩት። እሱ ግን እርሳሱን ይዞ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል።»

«ሲወድቅ የት ነበሩ?»

«የካምፑ ልብስ ማጠቢያ ጋ። አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ሲል ከዚህ ወጣሁ። ሁለት ሴቶች አብረውኝ ነበሩ፤ ጠይቂያቸው።» ቀጥሎ የሆነ ነገር ልትጨምር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ጌይለንን ያገኘችው በትንሿ ባለ ሞተር የካምፕ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ነው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ካምፑን ያስተናብራል፣ በምትኩ ያለ ኪራይ ይኖራል።

«ወደ አስከሬኑ ተጠግተው ነበር?» አለችው።

«ኧረ የለም ልጄ! ከመንገድ ላይ ጫማዎቹን አየሁ፣ በቃኝ። እንዲህ ያለ ነገር አልችልም።»

«ፒክአፑንስ ነክተዋል?»

«እኔ? ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ከዚህች ጋሪ በቀር መሪ አልጨበጥኩም። መኪናዬን ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት። ምን አደርግበታለሁ?»

ኦቾዋ አመሰገነችው። ሄዳ ከፒክአፑ ጀርባ ላይ ወጣችና መንጋጋውን እያየች ረጅም ጊዜ ቆየች። በጣቷ የብረቱን ቅባት፣ ግራሶውን ነካች። አሸተተችውም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፓንኬክ በሚጋገርበት የቆርቆሮ ዳስ ሥር። ዛሬ ምጣዱን ያሞቀ የለም። ጠረጴዛው ላይ ከሮይስ ተሳቢ ሥር የተነሡትን ሁለት ጉማጅ ጣውላዎች አስቀምጣለች።

«ከሁሉ በፊት አንድ ትንሽ ነገር አስቸግራችኋለሁ» አለች። «ይህን ጣውላ ለእግር እንደምታነጥፉ አድርጋችሁ መሬት ላይ አስቀምጡልኝ። አንድ በአንድ።»

ማርቫ አንዱን አነሣች። አንዴ አየችው፣ ገለበጠችው፣ አስቀመጠችው። በላዩ የብረት እግር ለዓመታት ተጭኖት የሠራው ክብ ቀለበት ይታያል። ኤልደንም እንዲሁ አደረገ፣ ቀለበቱን ወደ ላይ። እግሩ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚቀመጥ አይንሸራተትም፤ እዚህ ካምፕ የሚኖር ሰው ሁሉ ሳያስብ የሚያደርገው ነው።

ጌይለን ጣውላውን ተቀበለ። አላየውም። አውራ ጣቱን በአንደኛው ገጽ ላይ፣ ከዚያ በሌላኛው ላይ ቀስ ብሎ አስኬደ። ጉድጓዱን ሲያገኝ ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠው።

ኦቾዋ ባዶ እጆቹን አየች።

«ዛሬ ጠዋት ግን ጓንት አድርገው ነበር» አለች ኦቾዋ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እነግርዎታለሁ፤ ይቀመጡ። ሁላችሁም እግሩ ተሰብሮ ተሳቢው ወደቀ ብላችኋል። እግሩ ግን ሸክም ላይ አልነበረም። ውስጠኛው ቱቦ እስከ ላይኛው ቀዳዳ ተስቦ ተቆልፏል። አቶ ፕሩት፣ አርባ ዓመት ብረት ሠርተዋል፤ የተሰበሰበ እግር ነው ወይስ የተዘረጋ?»

ኤልደን ዓይኑን ጨፍኖ ያንን የተጋደመ ብረት በሐሳቡ መልሶ አየው። አጭር ነበር። እንዴት አላየሁም? ብየዳውን ብቻ ነበር ያየሁት።

«የተሰበሰበ ነው» አለ፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«የተሰበሰበ እግር ምንም አይሸከምም። ስለዚህ መያዣው ተሳቢው ሲወድቅ ከመሬት ተጋጭቶ ነው የተቀደደው። ብየዳው ሮይስን አልገደለም። እንግዲያው ሙሉ ክብደቱን የተሸከመው ፒክአፑ ነው፤ ተሳቢው የወደቀውም ፒክአፑ ከሥሩ ሲወጣ ነው። ሮይስ ከሥር ተኝቶ መሪ ሊይዝ አይችልም። ሌላ ሰው ነድቷል።»

«ሆን ብሎ?» አለች ማርቫ።

«አይደለም። ለመግደል የፈለገ መጀመሪያ መንጋጋውን ይከፍት ነበር። መንጋጋው ግን ዝግ ነው፣ እጀታውም ተቆልፏል፤ በውስጡ ደግሞ ምንም አልያዘም። ግራሶው የተጠረገው ከላዩ ላይ ነው። ተሳቢው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነበርና ፒኑ መንጋጋው ውስጥ ሳይገባ ላዩ ላይ ተቀመጠ። አባቴን አንድ ጊዜ ሊገድለው ነበር፣ ይኸው ስሕተት። ለዚህ ነው እግሮቹ ሳይነሡ ቀስ ብሎ ስቦ መሞከር ያለው። ሮይስም ሁልጊዜ እንዲያ ያደርግ ነበር። ዛሬ ግን የሻንሲውን መተጣጠፍ ለማየት ሙሉ ክብደቱ ፒኑ ላይ እንዲያርፍ ፈለገ፤ እግሮቹን ቀድሞ አነሣ። ያንን ያደረገው አንድ ሰው በባትሪ አይቶ ተቆልፏል ስላለው ነው።»

ጌይለን ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀምጧል።

«ያ ሰው ተሳቢው ሲወድቅ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ እግሮቹ ተዘርግተው የነበሩ እንዲመስል ጣውላዎቹን ከሣጥናቸው አውጥቶ ከሥራቸው ገፋ። ሁለቱም ቀለበታቸው ወደ ታች ነበር፤ በጓንት ጉድጓዱ አይዳሰስም። በጠራ የጠዋት ብርሃን! ዓይኑ የሚያይ የካምፕ ሰው ያንን አያደርግም። ከዚያም አቶ ፕሩት እንደነገሩኝ ወደ በራቸው ሄዶ ‹ያ የበየድከው እግር ከሥሩ ተገንጥሏል› አለ። አቶ ትሪፕ፣ የተገነጠለውን መያዣ እኔ ራሴ ያየሁት ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ፣ በጀርባዬ ተኝቼ ነው። እርስዎ ከመንገድ ላይ ጫማ ብቻ አይተው እንዴት አወቁ?»

«ጣውላውን ስገፋ የተገነጠለው ብረት እጄ ላይ መጣ» አለ ጌይለን። ለመካድ የሞከረ አይመስልም፤ ከባድ ዕቃ እንዳወረደ ሰው ትከሻው ወረደ። «መሐሉ ጠፍቶብኛል፣ የዓይኔ። ዳር ዳሩን አያለሁ እንጂ የሰው ፊት አላይም። ሐኪም መንጃ ፈቃዴን ሲያስቀማኝ ለማንም አልተናገርኩም። ዓይነ ስውር አስተናባሪ ማን ያኖራል? ከዚህ ከወጣሁ መሄጃ የለኝም። ሮይስ ‹ተቆልፏል?› አለኝ። ጥቁር ነገር ታየኝ። ‹ተቆልፏል› አልኩት። ‹እንግዲያው መሪውን ያዝ፣ ቀስ ብለህ› አለኝ። እንዴት እንቢ ልበል? እንቢ ካልኩ ለምን ሊለኝ ነው።»

«እኔንስ?» አለ ኤልደን። «እኔ ገደልኩት ብዬ እንድኖር?»

ጌይለን ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ፤ ዓይኖቹ ግን ከኤልደን ጆሮ አጠገብ አለፉ። «አንተን ሰው ሁሉ ይወድሃል ብዬ ነው፣ ኤልደን። ይቅር ይሉሃል ብዬ።»

«ሞቱ ስሕተት ነው» አለች ኦቾዋ ደብተሯን እየዘጋች። «ጣውላዎቹ ግን ስሕተት አይደሉም። እንሂድ፣ አቶ ትሪፕ። ክንዴን ይያዙ፣ ደረጃ አለ።»

መኪናዋ ከሄደ በኋላ ማርቫ ኤልደንን ወደ ተሳቢዋ ይዛው ገባች። አሁን በአራት ክሪክ ተደግፏል። ቁም ሣጥኑን ከፈተችለት። ግድግዳው ዛሬ ሲወድቅ በሰፊው ተከፍቷል፤ የእርሳስ መስመሮቹ ግማሽ በግማሽ ሆነው ከስንጥቁ ማዶና ማዶ ቀርተዋል። ወደ ታች ሲወርድ «ረቡዕ፣ ከብየዳው በኋላ»፣ ከዚያ «ዓርብ፣ ቀጥ ብሏል፣ አልተንቀሳቀሰም» ይላል። ከዚያ በታች «ቅዳሜ፣ ከኤልደን ጋር»። ከቅዳሜ ጎን መስመር የለም። እርሳሱ በክር ተንጠልጥሏል።

«አንተ ራስህ እንድታሰምር ነበር የፈለገው» አለች። «በቀልዱ አፍሮ ነበር። ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ድረስ ደጅ ቆሞ ጠበቀህ።»

ኤልደን የቁም ሣጥኑን ጠርዝ ያዘ። «ነቅቼ ነበር፣ ማርቫ። ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ወደ ማጠቢያው ስወጣ መጋረጃህ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። አኩርፈህ መቅረትህን ሮይስ እንዳያውቅ ብዬ፣ ‹ኤልደን ተኝቷል፣ ይተኛበት› አልኩት።» እርሳሱን ይዛ ቆመች። «‹ጌይለንን ጥራው› ያልኩት እኔ ነኝ።»