የኦርፋ ምስክርነት

በእኛ ሸለቆ ሰው ለማፍቀር ዘመዶቹን ማስፈቀድ አለበት፤ የሞቱትንም ጭምር።

ዌስን ያገኘሁት በወረዳው ቤተ መጻሕፍት ነው። ሁለታችንም የታሪክ አስተማሪዎች ነን። እዚሁ ዌስት ቨርጂኒያ ድሮ ስለተነሳው የከሰል ቆፋሪዎች አድማ መጽሐፍ ከሚለው ይልቅ በዓይናቸው ያዩት የተናገሩትን መስማት እንፈልግ ነበር። ማዳመጫው አንድ ብቻ ስለሆነ ጆሮ ለጆሮ ገጥመን የድሮ ካሴቶችን ስናዳምጥ ልቤ እዚያው ሄደ።

ችግሩ ስሙ ነበር፤ ብላንከንሺፕ። ቅድመ አያቱ የከሰል ኩባንያው ዘበኛ ነበር። ከአድመኞቹ አንዱ የነበረውን የእኔን ቅድመ አያት ኤሞስን የገደለው እሱ ነው ይባላል። ወንድሜ ዴል «ያንን ዘር ካገባሽ ወንድም አለኝ እንዳትዪ» ብሎኛል። እኛ ግን «ይባላል» ብቻ ስለሆነ ተስፋ አደረግን።

ከዚያ የኤሞስን ሚስት፣ የኦርፋን ድምፅ አገኘን። በስተርጅናዋ አንድ ተማሪ የቀዳው ነው። እስከ መጨረሻው ሰማነው።

«መቃብር በምታስጌጡበት እሁድ እኔው አሰማቸዋለሁ» አለ ዌስ። «የኔ ወገን ያደረገውን። ከዚያ በኋላ ዝጊው።»

«የቀረውስ?»

«የቀረው ይቅር። እናትሽ ይህን መስማት የለባትም።»

በዚያ እሁድ ዘመድ ሁሉ መቃብሮቹን አጽድቶ፣ አበባ አኑሮ፣ ከተጠበሰ ዶሮና ከበቆሎ ዳቦ ጋር ሳሩ ላይ ተቀምጧል። ዌስ ማን እንደሆነ ተናገረና ቴፑን ከፈተው።

«ብላንከንሺፕ ነው የተኮሰው» አለች ኦርፋ በሰለለ ድምፅ። «ኤሞስ እጁን አንስቶ ነበር። ሆዱን መታው። ከወደቀ በኋላ ደግሞ ፊቱን።»

ዴል አካፋ አነሳ። «ሬሳችን ላይ ቆመህ እህቴን ለትዳር ልትጠይቅ ነው የመጣኸው? የነፍሰ ገዳይ ዘር!»

እጀታው ዌስን አገጩ ላይ አገኘው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ሲንበረከክ ጀርባውን ደገመው፤ ሰለሰው። ዌስ እጁን እንኳ አላነሳም። ደም እየተፋ ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ፤ ዝጊው ማለቱ ነው።

ጣቴ የቴፑ ቁልፍ ላይ ነበር። እወደዋለሁ፤ ስለምወደው አልዘጋሁትም። ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«በሳምንቱ የኛ ወንዶች የብላንከንሺፕን ቤት አቃጠሉት» አለች ኦርፋ። «በሩን ከውጭ ቀርቅረው። ፋኖሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሱ አልነበረም። ውስጥ የነበረችው ትንሿ ልጁ ናት። ስትጮህ ሰምቻታለሁ። በሩን አልከፈትኩላትም።»

አካፋው አየር ላይ ቀረ። እናቴ ሳህኗን ሳሩ ላይ አስቀመጠች። ኦርፋን ውሸታም የሚል ሰው በዚያ ሸለቆ አልተወለደም።

ሮጬ ዌስን አቀፍኩት፤ አገጩን በሻርፔ ደገፍኩለት። ዴል አካፋውን ጣለና ከኤሞስ መቃብር ላይ ያኖረውን አበባ መልሶ አነሳ። 

«ልጅቷን» አለ፤ «ልጅቷን የት ነው የቀበራችኋት?»

ዌስ መናገር አልቻለም። የወንዙን ማዶ በጣቱ አሳየው። ዴል አበባውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ብብቱ ሥር ገብቶ አነሳው፤ ሦስታችንም ወደ ወንዙ ወረድን።