የካይሩ ጥም

ዋይሪሙ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ በኬንያ፣ በኒዬሪ ዳገት ላይ፣ ከሻይ ማሳው በታች ነው። አባቷ ንዴሪቱ ካይሩ የምትባል አንዲት ጥቁር ላም ነበረችው። ቤተሰቡ የሚተዳደረው በእሷ ወተት ነው። መሬታቸው ጠባብ ስለሆነ ካይሩ በረት ውስጥ ታስራ ትውላለች። ሲጠማት ወንዝ አትወርድም፤ ውሃው ወደ እሷ መውጣት አለበት። ይህ የዋይሪሙ ሥራ ነበር። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አምስት ጀሪካን ታመጣለች።

ልጆች፣ በዚያ ዳገት አምስት ጀሪካን ቀላል አይደለም። እኔም በልጅነቴ ተሸክሜዋለሁ፤ ወገብ ይቆርጣል።

አንድ ቀን ጓደኛዋ ጋቶኒ ወንዝ ዳር ገመድ ይዛ ጠበቀቻት።

«ነይ እንዝለል!»

«ገና ሁለቴ ብቻ ነው የወሰድኩት።»

«ታዲያ ላሟ ትቆጥራለች እንዴ?»

ሁለቱም ሳቁ። ዋይሪሙም እስኪመሽ ስትዘል ቆየች።

አባቷ ከሥራ ሲገባ ባዶውን ገንዳ አየ። «አምስቱንም ጠጣችው?»

«ጠጣችው አባዬ።»

አያችሁ፣ ሁለት ጀሪካን ይግባበት አምስት፣ ባዶ ገንዳ ያው ባዶ ነው። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ልማድ አደረገችው።

የካይሩ ወተት ቀነሰ። ንዴሪቱ የዝሆኔ ሣር አበዛላት፤ ፉርሽካ ገዛላት፤ የትል መድኃኒት አጠጣት። ወተቱ ግን ከአሥር ሊትር ወደ አራት ወረደ። ጎረቤቱም «ንዴሪቱ፣ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብህ እኮ!» እያለ አሾፈበት።

«ባዶውን ገንዳ ምን ያስልሳታል?» አለ አባቷ አንድ ጠዋት፣ ካይሩ ገንዳውን ስትልስ አይቶ።

«ጨው... ጨው አምሯት ይሆናል» አለች ዋይሪሙ።

ምስኪን አባት አምኖ ጨው ገዛላት። የተጠማን ፍጡር ጨው ማላስ! ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ የእንስሳት ባለሙያ መጣ። ስለ ሣሩ ጠየቀ፣ ስለ ፉርሽካው ጠየቀ፣ ሁሉንም ጻፈ። ከዚያ ወደ ዋይሪሙ ዞረ።

«ውሃ የምታመጪው አንቺ ነሽ አሉ። በቀን ስንት ጀሪካን ነው?»

ያኔ እውነቱን ብትናገር ኖሮ ካይሩ ትድን ነበር። ዋይሪሙ ግን አባቷን አየችና ፈራች።

«አምስት» አለች።

ባለሙያው ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ምንም አልጎደለባትም። ጥፋቱ የራሷ የላሟ ነው። ይሽጧት።»

ማክሰኞ ነጋዴ መጥቶ ለሥጋ ገዛት። ዋይሪሙና አባቷ ሸኟት። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ካይሩ ገመዱን አስጥላ ውሃው ውስጥ ገባች። ጠጣች፣ ጠጣች። ነጋዴው ቢጎትታት፣ ቢመታትም ቀና አላለችም።

«ይቺ ላም ውሃ አይታ አታውቅም እንዴ?» ብሎ ነጋዴው ሳቀ።

ንዴሪቱ አልሳቀም። ቀስ ብሎ ወደ ዋይሪሙ ዞረ።

ዋይሪሙ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ሁለት ነበር አባዬ። አምስት አልነበረም፤ ሁለት ብቻ ነው የማመጣላት።»

ንዴሪቱ ነጋዴውን እየተከተለ ለመነው። «ወንድሜ፣ ገንዘብህን ውሰድና ላሜን መልስልኝ።»

«ሰውዬ፣ ሥጋ ቤቱ እየጠበቀኝ ነው!» አለና ነጋዴው መንገድ ዳር ያቆመው መኪና ላይ ጭኗት ሄደ።

አባቷ አልመታትም። ቢመታት ይሻላት ነበር። በዚያ ቀን ሻዩ ያለ ወተት ቀረበ። ትንሽ ወንድሟ «ወተቱስ?» ብሎ ጠየቀ።

በማግስቱ ዋይሪሙ ብቻዋን ወደ ባለሙያው ቢሮ ሄደች።

«ጋሼ፣ ወረቀትዎ ላይ አምስት ያሉትን ሁለት ብለው ያርሙልኝ። ካይሩ ጥፋት የለባትም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሰውየው መሳቢያውን ከፈተ። ከዚያ ወረቀቱን አውጥቶ አረመው። እግዚአብሔርም ይቅር አላት፤ እሱ ንስሐ የገባን አይጥልም። ካይሩ ግን አልተመለሰችም።

ልጆቼ፣ ያልጨረሳችሁትን ሥራ ጨረስኩ አትበሉ፤ የውሸታችሁን ቅጣት መናገር የማይችል ፍጡር ይቀበለዋልና።