ወሬኛ ምን አለ?

«ዓይንሽን ጨፍኚ! ፊትሽን ወደ ግድግዳው!» አለች ፌቨን።

ሳባ ጓደኛዋ እንዳለቻት አደረገች። ከጀርባዋ እስከ ኩልፎ ወንዝ ድረስ የአባቷ የሙዝ ማሳ ነው። ውሻዋ ወሬኛ ማሳው ዳር ቆሟል። አባቷ ደግሞ ገመድ ይዘው አጠገቧ ቆመዋል፤ በዚያ ገመድ ወሬኛን አስረው ነገ ካምባ ላለው አጎቷ ሊሰጡት ነው።

«ጎረቤቱ ሁሉ ተማረረብኝ። ቀን ከሌት በከንቱ ይጮሃል» ብለው ነበር ጠዋት።

«በከንቱ አይጮህም፣ አባዬ። ይናገራል!»

«እንግዲያው ምን እንደሚል ንገሪኛ። ሳታዪ ካወቅሽ ይቀርልሻል።»

ሳባ ታውቃለች። ወሬኛ ሰው ሲመጣ ድምፁን እየጎተተ፣ እያረፈ ይጮሃል። ዝንጀሮ ሲያይ ጩኸቱ ወፍራምና አጭር ነው፤ ትንፋሽም አይሰጥ። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሞ በአፍንጫው ያላዝናል፤ የት ቆየሽ ማለቱ ነው። ከቡችላነቱ ጀምሮ ስታዳምጠው ኖራለች።

ፌቨን ግን በዚህ አልተማመነችም። «አንዴ ከሳልኩ ሰው፣ ሁለቴ ከሳልኩ ዝንጀሮ» ብላ ሹክ ብላታለች። «አቦ ሳቢ፣ አትጨናነቂ! እኔ አለሁልሽ።»

ወሬኛ መጮህ ጀመረ። ፌቨን አንዴ ሳለች።

ሰው ማለት ነው። ጩኸቱ ግን ወፍራምና አጭር ነበር። ፌቨን እኮ በዓይኗ ታያለች! ሳባ ብትሳሳት ወሬኛን ማጣቷ ነው።

«እ? ማን መጣ?» አሉ አባቷ።

«ዝንጀሮ ነው» አለች ሳባ።

«ኧረ ሳቢ! እንድሪያስ ነው እኮ!» አለች ፌቨን።

ሳባ ዞራ ዓይኗን ገለጠች። እውነትም ባለጋሪው እንድሪያስ ሙዝ ሊጭን በመንገዱ እየመጣ ነበር። ወሬኛ ግን ዞር ብሎም አላየው። ፊቱን ወደ ወንዙ አድርጎ ይጮሃል። በዚያ በኩል የሙዙ ቅጠል ተንኮሻኮሸና አንድ ትልቅ ዝንጀሮ እጁ ሙሉ ሙዝ ታቅፎ ብቅ አለ፤ ከኋላው መንጋው። ወሬኛ ተወረወረባቸው። ሙዙን ጥለው እግሬ አውጪኝ አሉ።

አባቷ በኩራት ፈገግ ብለው አዩዋት። «ሳል የሰማሁ መስሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ፌቨን አቀረቀረች።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች ሳባ። «ወሬኛ ግን ዋሽቶኝ አያውቅም።»

አባቷ ገመዱን ለእንድሪያስ ወረወሩለት። «እንካ፣ ሙዙን እሰርበት።»