ማንም ያላየው ምሳሌ

«አትጎትተው አልኩህ!»

ሄርሜላ ብትጮህም ዘገየች። ኢዮሲያስ ከቪዲዮው ሥር ያለችውን ነጥብ ወደ መጨረሻው ጎትቶ ለቀቃት። ስክሪኑ ጠቆረ፤ የመጫኛው ቀለበት ትንሽ ዞረ፤ ከዚያ የቪዲዮው መምህር እንደገና ከመጀመሪያው ብቅ አለ። «ጤና ይስጥልኝ ተማሪዎች። የዛሬው ትምህርታችን ስለ ትራንስፎርመር ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ምሳሌ አብረን እንሠራለን።»

«ሰውዬው ሰላምታ አይሰለቸውም እንዴ?» አለ ኢዮሲያስ።

«እኔን አንተ ነህ የሰለቸኸኝ።»

ምሳሌውን ያየ ተማሪ የለም። የፊዚክስ መምህራቸው ከቦንጋ ተዛውረው ከሄዱ ወዲህ የሚማሩት ከዚህ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ተራ ግን አርባ ደቂቃ ነው። ሲደወል ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ይጠፋሉ፤ ቀጣዩ ሴክሽን ገብቶ ከሰላምታው ይጀምራል። ፈተናው ነገ ጠዋት ነው። ስሌት ይመጣል ተብሏል።

«ጋሽ ደጉ!» ብላ የክፍሉን ኃላፊ ጠራቻቸው። «ስልኬ ላይ እኮ ወደፈለግኩበት ይዘላል። ይሄ ለምን እምቢ ይላል?»

«ብሮውዘሩ ምን ያድርግ? ‹ከመሃል ጀምረህ ላክልኝ› ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨራችን ግን ከመሃል መስጠት አይችልም፤ ሁሌ ከመጀመሪያው ነው የሚልከው።»

«አይስተካከልም?»

«ፓስወርዱ የለኝም። የጫነው ልጅ ስልክ አያነሳም።»

«በፍላሽ ይቅዱልን እሺ።»

«እሱም በፓስወርድ ነው» አሉና ሻያቸውን ይዘው ሄዱ።

ኢዮሲያስ እጁን ደግሞ ሰደደ። «ቀስ ብዬ ብጎትተውስ?»

ሄርሜላ ማውሱን ነቅላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ የሚደረግ ነገር አልነበረም። በቃሏ የያዘችውን ትምህርት ቁጭ ብላ ሰማች። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የሴክሽን ቢ ልጆች ከጣራው ጠርዝ ሥር ተጠጋግተው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ፊት የቆመችው ፍሬ ናት። ባለፈው ሳምንት የኬሚስትሪ ደብተሯን ስትለምናት ሄርሜላ «ቤት ረሳሁት» ብላት ነበር። ደብተሩ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ፍሬም አይታዋለች።

ተደወለ። የቪዲዮው መምህር የትራንስፎርመሩን የሽቦ መጠምጠሚያዎች ሰሌዳው ላይ መሳል ገና መጀመሩ ነበር። ጋሽ ደጉ ኮምፒውተሮቹን ከዳር ማጥፋት ያዙ።

«ጋሽ፣ ይሄን አያጥፉት።»

«ለምን?»

«በእናትዎ። እንደተከፈተ ይሁን።»

ስክሪኑን አዩና ወደሚቀጥለው አለፉ።

«አብደሻል?» አለ ኢዮሲያስ በሹክሹክታ። «ምሳሌውን ለነሱ? ፍሬ ደግሞ ልታሳየን? ሙች አታሳየንም!»

«አውቃለሁ።»

ፍሬ ፀጉሯ ረጥቦ ገባች። «ደሞ ምን አበላሻችሁ?»

«ምንም» አለች ሄርሜላ ወንበሩን እየለቀቀችላት። «ዝም ብለሽ እዪው። ምሳሌው ይደርስልሻል።»

«ማውሱስ?»

«አያስፈልግሽም።»

ማውሱን ጋሽ ደጉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ከጣራው ጠርዝ ሥር፣ ፍሬ ቅድም ቆማበት የነበረው ቦታ ላይ ቆመች። በመስኮቱ ስክሪኑ አይታይም፤ የሚታየው የፍሬ ጀርባ ብቻ ነው። እየጻፈች ይሁን አይሁን አይለይም።

«ባጃጅ መጣ፣ እንሂድ» አለ ኢዮሲያስ።

«አንተ ሂድ።»

የኬሚስትሪ ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣችና እንዳይረጥብ ሹራቧ ውስጥ ከታ መጠበቅ ጀመረች።