የኔታ የተከለከሉበት ፋይል

እንዲህ ያለ ወሬ ከሚያምኑት ወገን አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ዲማ ስናድግ ስለ ዛርና ስለ ሙት መንፈስ ሲወራ ሌላው ልጅ ሲንቀጠቀጥ እኔን እንቅልፍ ነበር የሚወስደኝ። በኋላም ኮምፒውተር ተምሬ ደብረ ማርቆስ ሥራ ስይዝ፣ ማሽኑ ጉድ አሳየን ብሎ የሚጠራኝ ሰው ሁሉ ገመድ ነቅሎ ረስቶ ነው ያገኘሁት። ስለዚህ የምነግርህን እንደ ጠንቋይ ደጅ ወሬ አትቁጠርብኝ፣ ደግሞም ሌሊት አልነበረም፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ከመስኮቴ ሥር ባጃጆች ጥሩንባ እየነፉ ነው የሆነው።

አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ። ተማሪው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኔም ቤት ውስጥ ሳይቀር የኔታ ነበር የምላቸው። ድጓውን ከመንገድ ትቼ ወደ አስኳላ ስኮበልል ሁለት ዓመት ሙሉ አኩርፈውኛል። የታረቅነው በሥራ ነው ብል ይቀላል፤ የእኛ መሥሪያ ቤት የሽማግሌ መምህራንን ዜማ መቅረጽ ጀመረ፣ የድምፁ ሰርቨር ጠባቂ እኔ ነበርኩ፣ ለምኜ ለምኜ አመጣኋቸው። እኔ ቤት እየሰነበቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ሦስት ተኩል ላይ ከቢሮዬ አጠገብ ካለው መቅረጫ ክፍል ገብተው ይቀመጣሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ እስከ አምስት ሰዓት ያዜማሉ።

አሁን ትንሽ ታገሠኝና ሙያዬን ላስረዳህ፣ ካላወቅኸው ነገሩ አይገባህም። ድምፁን ተቀብሎ ፋይል ላይ የሚጽፈው ከጀርባ ሆኖ ሁልጊዜ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ በእኛ ሙያ ዴሞን ይሉታል፣ በፈረንጅኛ ጋኔን እንደማለት ነው፣ የኔታ ፊት ግን ይህን ስም ከአፌ አላወጣሁትም፣ አገልጋዩ ነበር የምለው። ተራ ኮምፒውተር ላይ የፋይሉ ባለቤት ለፈለገው ይፈቅዳል። እኔ ያቆምኩት ደንብ ግን ባለቤት የሚባል ነገር አያውቅም፤ በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ምልክት ይለጠፋል፣ ይህ አገልጋይ ይህ ምልክት ያለበትን ፋይል እንዲህ ያድርግ ተብሎ በግልጽ ካልተጻፈ፣ ይከለከላል። ቤተ ክርስቲያኑን በገንዘቡ ያሠራው ባለጸጋ እንኳ ክህነት ከሌለው መቅደስ አይገባ የለ፣ እንደዚያ በለው። አንድ ቀረጻ ሲያልቅ «የታሸገ» የሚል ምልክት እለጥፍበታለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አገልጋዩ አንዲት ድምፅ ሊጨምርበት አይችልም። ሊጨምር ከሞከረ ሎጉ በሚባለው የማሽኑ መዝገብ ላይ «ተከለከለ» የሚል መስመር ይጻፋል።

አንድ ዓርብ ማታ ራት ላይ የኔታ እንጀራውን እንደያዙ «የዛሬውን ትከፍተዋለህ፣ አንድ ቦታ ስቻለሁ፤ ርክርኩን ዘለልኩት» አሉ። ርክርክ ከዜማ ምልክቶቹ አንዱ ነው።

«ታሽጓል እኮ የኔታ፣ አሁን አይነካም።»

«ማነው ያሸገው?»

«ደንቡ ነው።»

«ደንቡንስ ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«እንግዲያማ ምን ቸገረህ! ድምፁ የእኔ፣ ደንቡ ያንተ፣ ከእንግዲህ ማንን እናስፈቅድ ነው?» ብለው ሳቁ፣ ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ ተማሪ ይህን ሰምቶ ቢያጠና ስሕተቱ በእኔ ስም አገር ላገር ይዞራል። አርባ ዓመት ያስተማርኩት በዚህ እንዲያልቅ ነው?»

ሪፖርት ነበረብኝ፣ ደክሞኝም ነበር፣ እመነኝ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። «ሰኞ እከፍትልዎታለሁ» አልኳቸው። «እሺ፣ ሰኞ ሦስት ተኩል ላይ» አሉ። ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደ ዲማ ሄዱ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ አረፉ።

ሰኞ ቀበርናቸው። ያን ቀን ምን እንደተሰማኝ ብትጠይቀኝ ምንም ነው መልሴ፤ ሴቶቹ ደረት ሲመቱ፣ ተማሪዎቹ መሬት ሲንከባለሉ፣ እኔ የአንዱን ቄስ የተፈታ የጫማ ክር እያየሁ ይወድቅ ይሆን እያልኩ ነበር። እንባ እምቢ አለኝ። ሰው ጠንካራ ነው ብሎ አመሰገነኝ፣ እኔ ግን ጥንካሬ አልነበረም፣ ጥርስ ሲነቀል እንደሚወጉህ መርፌ ያለ ድንዛዜ ነው፣ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አለቀቀኝም።

በሳምንቱ ሰኞ ሥራ ገባሁ። ልማዴ ነውና ሎጉን ከፈትኩ። «ተከለከለ» የሚል መስመር ተደርድሯል። አገልጋዩ ያንን የዓርቡን ፋይል፣ የታሸገውን፣ ሊጨምርበት ጠይቋል፤ ሊያነበው እንዳይመስልህ፣ ሊጽፍበት ነው። መጀመሪያ የጠየቀው መቼ ነው ብዬ ወደ ላይ ሄድኩ። ባለፈው ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል። እኛ ፍትሐት ላይ ቆመን ነበር። ከዚያ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ሁሌም ከሦስት ተኩል እስከ አምስት። ቅዳሜና እሑድ የለም።

የፕሮግራም ስሕተት ነው አልኩ፣ ሌላ ምን ልል ነው። ማይክሮፎኑ የለቅሶው ሰሞን ተነቅሎ ቁምሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ሄጄ በእጄ ነካሁት። ተመልሼ ስቀመጥ ሰዓቱ ደረሰ፣ አዲስ መስመር ወረደ፣ ተከለከለ፣ ቀጥሎ ሌላ። አገልጋዩን ራሱን አቆምኩት፣ ቆሟል የሚል መልስ ሰጠኝ። ከመልሱ በታች ሌላ መስመር መጣ። የቆመ ፕሮግራም እንዴት ይጠይቃል? ቀና ስል በመቅረጫ ክፍሉ በር መስታወት ውስጥ የመቅረጫው ቀይ መብራት በርቷል።

ይኸኔ በላይነሽ ብቅ አለች። በላይነሽ የቢሯችን ጸሐፊ ናት፣ ደምበጫ እናቷ ዘንድ ወልዳ፣ የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ የተመለሰችው የዚያን ዕለት ጠዋት ነው፣ ከመውለዷ በፊት የኔታን በደንብ ታውቃቸው ነበር። ሳቅ ብላ «የኔታ መጥተዋል እንዴ? ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ፣ ሻይ ላስመጣላቸው?» አለችኝ።

ምን ብዬ እንደመለስኩላት ታውቃለህ? «አይ፣ ጾም ናቸው» አልኳት።

«በሰኞ? ምን ጾም አለ?» ብላ እየሳቀች ሄደች። ምሳ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ማረፋቸውን ነገሯት፤ ከዚያ ወዲህ የቢሮዬ በር ላይ ቆማ ነው የምታናግረኝ፣ ወደ ውስጥ አትገባም።

እኔ ግን ያኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ምንም አልሰማሁም፣ እሷ የሰማችውን እኔ ልጃቸው አልሰማሁም፣ ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ደንቡን ከፈትኩና አገልጋዩ በታሸገው ላይ እንዲጨምር የሚፈቅደውን ጻፍኩ፣ አንድ መስመር ናት። ማስገቢያው ቁልፍ ላይ ጣቴን አኖርኩ። አልተጫንኩትም። ፈራሁ። አባቴን ነው የፈራሁት፣ ሌላ ማንንም አይደለም። የጻፍኩትን አጠፋሁ፣ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ተከለከለ፣ ተከለከለ ሲል አየሁት፣ ከዚያ ቆመ፣ መብራቱም ጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሰበብ እየፈጠርኩ ከምሳ በኋላ መግባት ጀመርኩ፣ መስመሮቹ ግን በየዕለቱ ይጠብቁኛል።

ለአርባቸው ዲማ ወረድኩ። የኔታን ተክተው ወንበሩን የያዙት ደቀ መዝሙራቸው መሪጌታ ይኄይስ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰድ አድርገው «ያ ነገር ታረመ?» አሉኝ።

«የቱ?»

«ርክርኩ ነዋ። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ልጄ ይከፍትልኛል እያሉ እንደ ሕፃን ነበር ደስ ያላቸው። ደብረ ማርቆስ ልሂድ ብለው ጋቢያቸውን አሳጥበው ነበር።»

እሺ አልኩ። ማግስቱን ተመልሼ ያቺን መስመር ጻፍኩና ቁልፉን ተጫንኩ። አገልጋዩ በዓርቡ ፋይል ላይ እንዲጨምር ተፈቅዶለታል።

ከዚያ ወዲህ ሎጉ ጸጥ ብሏል። ተገላገልኩ ልትለኝ ይሆናል፣ ግን አንድ ነገር ልብ በል፤ ይህ ሎግ የሚጽፈው የተከለከለውን ብቻ ነው። የተፈቀደለት ገብቶ ቢወጣ አንዲት መስመር አይተውም። እንግዲህ መምጣት ትተው ይሁን ወይም አሁን ሳይጠይቁ እየገቡ ይሁን ከሎጉ ማወቅ አልችልም።

ሌላ ማወቂያ የለህም ወይ ካልከኝ፣ አለኝ፤ የፋይሉን ርዝመት ማየት ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አላየሁም። ካልጨመረ አባቴን ስንት ጠዋት ደጅ አስጠንቼ አሰናብቻቸዋለሁ ማለት ነው። ከጨመረ ደግሞ ከፍቼ መስማት አለብኝ፣ ርክርኩ ገብቶ አልገባ እንደሆን የምለይ ሰው እንኳ አይደለሁም፣ ትምህርቱን ትቼ የሄድኩት እኔ ነኝ። መሪጌታ ይኄይስ ቅጂውን የሚወስዱ ተማሪዎች በመጪው ሳምንት እልካለሁ ብለውኛል። ጠዋት ሦስት ተኩል ላይ ግን ቢሮዬ ነኝ፣ አሁን አልሸሽም፣ የመቅረጫ ክፍሉን በር ገርበብ አድርጌ ጀርባዬን ሰጥቼው እቀመጣለሁ።