በክንዷ ልክ

ከአዋሽ እስከ ጅቡቲ ድንበር ከእኔ ከረዲ የሚስተካከል በያጅ አልነበረም። የባቡር ፉርጎ ሲሰነጠቅ ጣቢያው ሁሉ ስሜን ነበር የሚጠራው። ያን የሚያህል ሰው ኡሙሀኒ ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይታሰር ነበር።

ኡሙሀኒ ከወሎ መጥቶ የጨርቅ ሱቅ የከፈተው የከድሩ ልጅ ናት። በብስክሌት ከከተማው ወጣ ወዳለ ሰፈር እየሄደች መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች። መንገዱ ኮረት ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ጊዜ ከመሪው በላይ ተሽቀንጥራ ወደቀች። አባቷ ከደገማት ማስተማሩ ቀርቶ ሎጊያ ላለ ነጋዴ እንደሚድራት ቁርጡን ነገራት።

«እንዳትጥለኝ አድርጋት» አለችኝ ብስክሌቷን አምጥታ። ዓይኗ ከመሬት አልተነሳም።

ዋናውን የብረት አካል፣ ቴላዮውን፣ ቆርጬ እንደ አዲስ ለመበየድ ከኮርቻው እስከ መሪው ያለው ርቀት በክንዷ ልክ መሆን ነበረበት። በአባቷ ፊት የልጅቱን እጅ ማን ይለካል? ሱቃቸው ሄጄ አቡጀዲ በክንድ እንድትለካልኝ ጠየቅኳት። በማግስቱም ሄድኩ። ቤቴ ከሱቁ የበለጠ አቡጀዲ ያዘ።

«ረዲ፣ ይህ ሁሉ ለመጋረጃ ነው ለከፈን?»

«ለክንድሽ ነው።»

ከዚያ ሳልጠይቃት አንድ ክንድ ጨመረችልኝ።

ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ መሪውን አቀረብኩላት። የፊት ጎማው ራቅ ብሎ ድንጋዩን ቀድሞ እንዲወጣ፣ ጎማውን የያዘውን ብረት ወደ ፊት አጋደምኩት። ብስክሌቷ ቁልቁለቱን እንደ ግመል ተረጋግታ ትወርድ ጀመር።

«ለመዞር ግን ሜዳ ሙሉ ትፈልጋለች» አለች እየሳቀች።

«ወዴት ልትዞሪ ነው?»

«ወዳንተ።»

ሽማግሌ ልልክ ስሰናዳ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ መጣ። ከነዘይታም እጄ ጭነት መኪና ላይ ተጫንኩ። ጠባቡ ድልድይ ላይ ኡሙሀኒ ከሥራዋ ስትመለስ ተላለፍን። አየችኝ። አልጮኸችም፤ መሪውን ጠመዘዘች። ጎማው የድልድዩን ብረት ነካ። ወደ ኋላ ሳበቻት፣ እንደገና ነካ። ወርዳ ተሸክማ እስክታዞራት ድረስ በመሃላችን አቧራ ብቻ ቀረ።

ከሰሜን ስመለስ ደርግም ወድቋል፣ ከድሩም አርጅቷል። «ረዲ ሞቷል» ተብሎ ተነግሯቸው ኖሯል። ኡሙሀኒ ዓመታት እምቢ ብላ በመጨረሻ ሎጊያ ተድራ ሄደች። ሽማግሌው ከድሩ ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ ብስክሌቷን ከጓዳ አወጣልኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አንድም ቀን አልጣለቻትም» አለኝ።

ወጣሁባት። ጉልበቴ ከመሪው ተጋጨ። ከአዋሽ እስከ ጅቡቲ እንደ እሷ ያለች ብስክሌት አልተሠራችም፤ ለእኔ ግን አልተሠራችም። ወርጄ እየገፋኋት ወደ ቤቴ ሄድኩ።