የቅዳሜዋ አራት ዲግሪ

ተቆጣጣሪዋ ወደ ክሊኒኩ የገባችው ሳቋን አፍና ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት እናቷ ዘንድ ወስዳ ያስተዋወቀችው ሰው ነጭ ጋውኑን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። በሕይወቱ አይቷት እንደማያውቅ ሁሉ ኮስተር ብሎ፣ «እንኳን ደህና መጡ» ሲላት ማን ይችላል?

የተዋወቁትም እዚሁ ነበር። አምና ለቁጥጥር መጥታ ስለ እጅ መታጠቢያው ስትጠይቅ ሠራተኛው ሁሉ ሲሸፋፍን፣ ይህ ነርስ ብቻ፣ «ቧንቧው ያፈስሳል። ይሠራ ካልኩ አራት ወር ሆነኝ» አላት። ሪፖርቱ ተጽፎ፣ ቧንቧው ተጠግኖ፣ ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ደወለላት። እውነት ሲናገር የማያፍር ወንድ አጋጥሟት ስለማያውቅ ልቧ ወዲያው ሸፈተ።

ለአለቃዋ ግን አልተናገረችም። ዘንድሮ ሌላ ሰው ይላካል ብላ ስትጠብቅ ምደባው እሷው ላይ ወደቀ። አልሄድም እንዳትል ምክንያቱን ልትጠየቅ ነው። አፈረችና ዝም አለች።

ረፋዱን በሰላም ሠራች። የመድኃኒቶቹን የአገልግሎት ጊዜ አየች፤ ያገለገሉ መርፌዎች የሚጣሉበትን ሣጥን ከፍታ ዘጋች። እንከን የለም። ከዚያ የክትባት ፍሪጁ ጋ ደረሰች።

ክትባት ከሞቀ ስለሚበላሽ በሩ ላይ የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ተለጥፏል። ነርሱ በየቀኑ ጠዋትና ማታ አንብቦ ይጽፋል፤ ይፈርማል። ጣቷን እያንሸራተተች ወረደች። የዚያች ቅዳሜ መስመር፣ ጠዋት አራት ዲግሪ፣ ማታም አራት ዲግሪ ይላል። ፊርማው የእሱ ነው።

ጣቷ እዚያው ቀረ። ያን ቅዳሜ ገና በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ እናቷ ከተማ ሄደዋል። የተመለሱት ከመሸ ነው። እናቷ ጓዳ ጠርታ፣ «ዓይኑ ጨዋ ነው ልጄ፤ እንዳያመልጥሽ» ያለቻት ያን ዕለት ነው።

ኮሪደሩን የሚጠርጉትን ዘበኛ ጠየቀቻቸው። «አባቴ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ እዚህ መብራት ነበር?»

«ኧረ ምን መብራት አለ የኔ ልጅ! ጠዋት እንደሄደ የመጣው ማታ ነው። ጄኔሬተሩም አሻፈረኝ አለ።»

ነርሱን ጠርታ በሩን ዘጋችው።

«ያን ቀን ማን አነበበው?»

ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ።

«አንተን እኮ ነው!»

«እሑድ ጠዋት ስገባ አራት ይል ነበር። ሁልጊዜም አራት ነው። ባዶ ከምተወው ብዬ ሞላሁት። መብራት እንደጠፋ አላወቅኩም፣ በእናትሽ።»

«ሰው መተካት አትችልም ነበር?»

«የት ልትሄድ ነው ቢሉኝ ምን ልበል? ለማንም እንዳትናገር ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ነው።

«ከዚያ ወዲህ ስንት ሕፃን ተከተበ?»

«ሠላሳ አንድ። በአንድ ወረቀት ሥራዬንም አንቺንም ላጣ ነው? የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። አንድ በአንድ ጠርቼ እንደገና ልከትባቸው።»

«ወላጆቻቸውን ምን ብለህ?»

የክትባት መዝገቡን ገለጠ። «አንዷ እናት ደግሞ ከተማ ለቃለች» አለ። «የት እንደገባች አላውቅም።»

እናትየዋን ፈልጎ የሚያገኝ፣ ሪፖርቱ ሲደርሰው፣ የተቆጣጣሪዋ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ሁለቱም ይህንን ያውቁታል። እጁን ያዘችው፤ አልነጠቃትም። እንደዚያው ሆነው ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ቢሮዋ ገብታ ቅጹን ሞላች። «ግኝት» በሚለው ስር የቅዳሜው ምዝገባ ሐሰት መሆኑን ጻፈች። «ማስረጃ» የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው እጇ ላይ ከበዳት። ዘበኛው የሚያውቁት መብራት መጥፋቱን ነው፤ ነርሱ እዚያ እንዳልነበረ በዓይኗ ያየችው እሷ ብቻ ናት። «በዚያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከእኔ ጋር ነበር» ብላ ጻፈች። ስለ ፍቅራቸው በወረቀት ላይ ያሰፈረችው ይህንኑ ብቻ ነው።

አለቃዋ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት፤ ከመስክ ሥራ አነሷት። ሠላሳ አንዱም ሕፃናት፣ ከተማ የለቀቀችው እናት ልጅ ሳይቀር፣ ተፈልገው ተገኙና እንደገና ተከተቡ። እሱ ከሥራ ተሰናብቶ ወዴት እንደሄደ ሳይነግራት ከከተማው ወጣ። እናቷ፣ «ያ ልጅ መቼ ነው የሚመጣው?» ስትል በየሳምንቱ ሌላ ሰበብ ትፈጥራለች።

ሪፖርቱ ከክሊኒኩ ተመልሶ የመጣው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ስሙ የተነሳበት ሠራተኛ ቅሬታ ካለው እንዲጽፍበት የተተወ ባዶ ቦታ አለው። ስለ ጄኔሬተሩ ሊጽፍበት ይችል ነበር፤ ስለ እሷም እንዲሁ። በዚያ በምታውቀው የእጅ ጽሑፍ፣ «ቅሬታ የለኝም። ከእሷ ጋር ነበርኩ» ብሎ ፈርሟል።